አባቴ ከሠርጉ መሀል ለምን ተነስቶ ወጣ? ስለ ዘፈን፣ ስለ እስርና ስለ ጦርነት የመጡ 34 መልሶች

ኢንተርኔት ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። የጻፍኩት ረጅም አልነበረም። ባለፈው ጥር ታናሽ እህቴን ዳርን። አዳራሹ ሞቅ ሲል ዲጄው ወደ ድሮ ዘፈን ገባና ሁላችሁም በቃላችሁ የምታውቁትን አንድ የፍቅር ዘፈን ከፈተ። ሰዉ እልል አለ። አባቴ ግን ሹካውን አስቀመጠ። ሶፍቱን አራት ቦታ አጠፈው። ከዚያ ተነስቶ ወጣ። ተከትዬው ስወጣ የመኪና ማቆሚያው ግንብ ላይ መዳፉን ለጥፎ ቆሟል። ብርድ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል። ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ዘፈኑ አለቀ ወይ አለኝ።

በማግስቱ የሙሽራው ወገኖች አባትየው ልጁን አልወደደውም ብለው አዘኑ። ነገሩን ያበረደችው እናቴ ናት። ማታ ላይ ለብቻዬ ጠርታ በሹክሹክታ ነገረችኝ። አባቴ በ1970 ዓ.ም. የ19 ዓመት ተማሪ ሆኖ ታስሯል። ይህን አውቃለሁ። የማላውቀው፣ የታሰረበት ቤት ውስጥ ቴፕ እንደነበረ ነው። ማታ ሰው ለምርመራ ሲወሰድ ቴፑ ይከፈታል። ጎረቤት ጩኸት እንዳይሰማ ነው። ካሴቱ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር።

ጥያቄዬ ሁለት ነበር። ሙዚቃ መድኃኒት ነው ሲባል እሰማለሁ፤ ቁስልስ ይሆናል ወይ? አባቴንስ ልጠይቀው ወይስ ልተወው? በሦስት ሳምንት 34 መልስ መጣ። ክሩ ረዝሞ ብዙ ሰው መሀል ላይ ስለጠፋበት፣ በራሴ አነጋገር እንዲህ ሰብሰብ አድርጌዋለሁ።

መልስ 1 እና 2 እግዜር ያጽናችሁ የሚሉ ናቸው። ሁለተኛዋ ጸሐፊ አጎቷም ከዚያ ዘመን ጀምሮ ቤቱ ሬዲዮ አስገብቶ እንደማያውቅ ጨመረች።

መልስ 3 የመጣው ጀርመን ሙዚቃ ከሚማር ልጅ ነው። ሙዚቃ መድኃኒት ነው ባይ ነው። ምሳሌው ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ኦሊቪየ ሜሲያን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ማርከውት ጎርሊትዝ ከተማ አጠገብ ካምፕ ውስጥ ነበር። እዚያ ክላርኔት፣ ቫዮሊንና ቼሎ የሚጫወቱ ምርኮኞች አገኘ። እሱ ፒያኖውን ያዘና ለአራቱ የሚሆን ድርሰት ጻፈ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 1941 በዚያ ብርድ፣ ምርኮኛውም ጠባቂውም አንድ ላይ ተቀምጦ ሰማው። ልጁ ቼሎው ሦስት ክር ብቻ እንደነበረውና 5 ሺህ ሰው እንዳዳመጠውም ጽፎ ነበር።

መልስ 4 በትሕትና አረመው። ሦስት ክር የሚለውንም፣ 5 ሺህ የሚለውንም ያወራው ራሱ ሜሲያን ነው። ቼሎውን የተጫወተው ኤቲየን ፓስኪዬ ግን አራት ክር እንደነበረው ደጋግሞ ተናግሯል። የእንጨት አዳራሹም ከጥቂት መቶ ሰው በላይ አይይዝም። መልስ 5 ላይ ልጁ አመስግኖ ተቀበለ። ኢንተርኔት ላይ እንዲህ በሰላም ሲታረሙ ማየት ደስ ይላል።

መልስ 6 ላይ ድምፀቱ ተቀየረ። ጸሐፊዋ ሜሲያንን የምትወድ ናት። ግን እሱን አንስቶ ቢርከናውን መተው ልክ አይደለም ባይ ናት። ናዚዎች በጦርነቱ ጊዜ ባቋቋሙት የሞት ካምፕ፣ በአውሽቪትዝ ቢርከናው ውስጥ እስረኞች ጠዋት ወደ ጉልበት ሥራ ሲወጡና ማታ ሲመለሱ በር ላይ ባንድ ማርሽ ይመታላቸው ነበር። የሚመቱትም እስረኞች ናቸው። የሴቶቹን ባንድ ከ1943 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስክትሞት ድረስ የመራችው የቪየናዋ ቫዮሊን ተጫዋች አልማ ሮዜ ናት። አኒታ ላስከር የምትባል ወጣት ቼሎ መጫወት ስለምትችል ብቻ ከሞት ተረፈች። የካምፑ ናዚ ሐኪም ሜንገለ አንድ ቀን መጥቶ የሹማንን አንድ ለስላሳ ዜማ እንድትጫወትለት ጠየቃት። ተጫወተችለት።

የወንዶቹን ባንድ የመራው ሺሞን ላክስ ደግሞ፣ ሙዚቃ እስረኛውን አበረታ የሚለውን ወሬ አልቀበልም ብሎ ከጦርነቱ በኋላ ጽፏል። አንድ የገና ዋዜማ ወደ ሴቶቹ ሕሙማን ቤት ሄደው የገና መዝሙር ይመቱላቸዋል። ሴቶቹ መጀመሪያ አለቀሱ። ከዚያ ለቅሶው ጩኸት ሆነ። ውጡልን፣ በሰላም እንሙት አሏቸው። ባንዱ ሳይጨርስ ወጣ። ይህን መልስ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ያ የሕሙማን ቤትና የእህቴ የሠርግ አዳራሽ ምን አገናኛቸው ትሉኝ ይሆናል። አባቴን ግንቡ ላይ ተደግፎ ያየሁት እኔ ነኝ። ለኔ ተገናኝተዋል።

መልስ 7 ከዋሽንግተን ነው። ነርስ ናት፤ ከጦርነትና ከእስር የመጡ ሰዎችን ስታስታምም ኖራለች። ማብራሪያዋ ቀላል ነው። ከባድ ፍርሃት ሲመጣ አእምሮ በዚያች ሰዓት ያለውን ሽታውንም፣ ድምፁንም፣ ብርሃኑንም ከፍርሃቱ ጋር አንድ ላይ ቋጥሮ ያስቀምጣል። ከ40 ዓመት በኋላ ቋጠሮው በአንዱ ጫፍ ሲሳብ ሁሉም ይመጣል። ሰውየው እያስታወሰ አይደለም። ሰውነቱ እዚያው ነው። ዘፈን ሲሆን የባሰ የሚከብደው፣ ዓይን እንደሚጨፈን ጆሮ ስለማይጨፈን ነው። አባቴ ምን ዓይነት ዜማ እንደሚወድም ጠየቀችኝ።

መልስ 8 የኔ ነው። አባቴ ሬዲዮ አይከፍትም። ቤታችን ቴሌቪዥን ሲከፈት ሪሞቱን እሱ ነው የሚይዘው፤ እኛ ደግሞ ጉልበተኛ ነው እያልን አድገናል። ግን ጓሮ ቡናውን ሲገርዝ ሁልጊዜ ያንጎራጉራል። ቃል የለውም። ዜማው እሹሩሩ ነው። እኛንም ልጆች ሆነን በዚያ ነው ያስተኛን። አሁን የልጅ ልጆቹን ያስተኛበታል።

መልስ 9 ቆጣ ብሏል። የራሳችን ሞልቶ ተርፎ ለምን ጀርመንና ፈረንሳይ እንዞራለን ይላል። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን አነሳ። ጣሊያን አገራችንን ሲይዝ ከነቤተሰባቸው ታስረው ወደ አዚናራ ደሴት፣ ከዚያም ኔፕልስ አጠገብ ወዳለችው መርኮሊያኖ ተወስደዋል። ከቤተሰባቸው ሦስት ሰው ጣሊያን ገድሏል። ከነጻነት በኋላ ካይሮ ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ፤ በኋላም መነኮሱ። በ1967 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሸክላ ገቢው ወላጅ ላጡ ልጆች ነበር። በ2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም፣ በገዳማቸው አረፉ። ያን ፒያኖ የሰማ ሰው ሐዘኑ የት እንደገባ ያውቃል ብሎ ጨረሰ። የመጀመሪያው ቁጣው አስፈላጊ አልነበረም። ስለ እማሆይ የጻፈውን ግን ልቤ ተቀብሎታል።

መልስ 10 በዚያው ላይ ጨመረ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግራዚያኒ ጠንቋይና ትንቢት ተናጋሪ ብቻ አይደለም ያስገደለው። እየዞሩ የሚያዜሙና ተረት የሚያወሩ ሰዎችም እየተያዙ እንዲረሸኑ አዝዟል። መሰንቆ የያዘ ሰው ወሬ ከመንደር መንደር ያደርሳል። ሰምና ወርቁን ፋሽስቱ ባይገባው እንኳ የሰሚው ሳቅ ይገባዋል። አዝማሪ የተፈራው ለዚህ ነው። መልስ 11 ደግሞ አርባ ልጆችን አስታወሰ። በአርመኖች ላይ ከደረሰው እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች ናቸው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም የአርመን ገዳም አምጥተው የነሐስ ባንድ አደረጓቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ደረሰ። ያ ሁሉ ሰው አደባባይ ቆሞ የሚሰማው ማርሽ ከእናት አልባ ልጆች ትንፋሽ የወጣ ነበር።

መልስ 12፣ 13 እና 14 ከመንገድ ወጡ። ክራር በጅማት ነው ወይስ በናይሎን የሚያምረው የሚል ክርክር ተነሳ። አንዱ እስር ቤት ውስጥ ከዘይት ቆርቆሮና ከጆንያ ክር የተሠራ ክራር በዓይኑ እንዳየ ጻፈ። ትዝታን ይይዛል፣ አንቺ ሆዬን ግን እምቢ ይል ነበር አለ። ብጠይቀው ደስ ባለኝ፤ ተመልሶ አልመጣም።

መልስ 15 የቀድሞ ወታደር ናቸው። በ1969 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር ጦርነቱ ሲጀመር ታጠቅ ጦር ሰፈር ገብተው ሠልጥነዋል። እሳቸው የሚሉት፣ ቀረርቶ ባይኖር ብዙው የገበሬ ልጅ ከመኪናው አይወርድም ነበር። ቀረርቶው ልብን ያነሳል። ከዚያ አንዱ ብድግ ብሎ ይፎክራል። የአባቱን ስም ይጠራል። አባቱን ከጠራ በኋላ ወደኋላ መመለስ የለም። ለእሳቸው ያ ዜማ ፍርሃትን የሻረ ጓደኛ ነው። ዛሬም ሲሰሙት ይኮራሉ።

መልስ 16 አልታገሠም። ሬዲዮው ቀን ቀረርቶ፣ ማታ እርምጃ ተወሰደ የሚል ማስታወቂያ ያሰማ የነበረው በዚያው ዘመን ነው አለ። ለሳቸው ጓደኛ የሆነው ማርሽ ለሌላው በር ሲንኳኳ የሚሰማ ድምፅ ነበር። ሰዓት እላፊውን፣ የቀበሌውን ኪነት፣ በግድ የሚጨበጨብበትን ስብሰባ ሁሉ ዘረዘረ። መጨረሻ ላይ ሰውየውን በግል ነካቸው። ያ ልክ አልነበረም።

መልስ 17 ላይ ወታደሩ መለሱ። አልተሳደቡም። ታናሽ ወንድማቸው በ1970 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ እንደተገደለ፣ እሳቸው ኦጋዴን ሳሉ እንደሆነና የሰሙት ከአራት ወር በኋላ እንደሆነ ጻፉ። ሁለቱንም በአንድ ጆሮ ነው የምሰማው ባይ ናቸው። ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? መልስ 18 እና 19 ግን ነገሩን ወደ ቅርቡ ጦርነት ወስደው የማን ዘፋኝ ማንን አስጨረሰ ወደሚል ስድብ ገቡ። አድሚኑ ሁለቱንም አጠፋቸው። እኔም ደግ አደረገ እላለሁ።

መልስ 20 የጠፋውን ጭቅጭቅ ወደ ቁም ነገር ለመመለስ ሩዋንዳን አመጣ። ዘፋኙ ሲሞን ቢኪንዲ በዘፈኑ ምክንያት አሩሻ ላይ፣ የሩዋንዳን እልቂት በሚያይ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት፣ 15 ዓመት ተፈርዶበታል አለ። መልስ 21 ጠበቃ ሳትሆን አትቀርም፤ በደንብ አስተካከለችው። በ2008 እ.ኤ.አ. የተፈረደበት በዘፈኖቹ አይደለም። በሰኔ 1994 እ.ኤ.አ. መንገድ ላይ በመኪና እየሄደ በድምፅ ማጉያ ቱትሲዎች እንዲገደሉ በመቀስቀሱ ነው። ዘፈኖቹ በሬዲዮ ለጥላቻ ቅስቀሳ እንደዋሉ ፍርድ ቤቱ ተቀብሏል። መጀመሪያውኑ ለግድያ ብሎ እንደጻፋቸው ግን አልተረጋገጠም። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ለሷ ግን ትልቅ ነው። ዘፈን ከደራሲው እጅ ከወጣ በኋላ ማን እንደሚከፍተው ደራሲው አያውቅም።

እዚህ ላይ የራሴን ልጨምር። የሠርጉን ዘፈን የዘፈነው ሰው ምን በደለ? ስለ ፍቅረኛው ነው የዘፈነው። ካሴቱን የገዛው፣ ቴፑን የከፈተው፣ ድምፁን የጨመረው ሌላ ሰው ነው። አባቴ ሪሞቱን ለምን እንደሚይዝ የገባኝ ይህን መልስ ሳነብ ነው። ሰባት ወንድምና እህት ሆነን ዕድሜያችንን ሙሉ ስናጉረመርም ኖረናል።

መልስ 22 ከአየርላንድ ነው። እናቴ የነገረችኝ የቴፑ ነገር አዲስ እንዳልሆነ አስረዳኝ። ቺሊ ውስጥ ከ1973 እ.ኤ.አ. መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ሳንቲያጎ ከተማ አንድ የማሰቃያ ቤት ነበር። ሌት ተቀን ሙዚቃ ከፍ ተደርጎ ስለሚከፈትበት ዲስኮቴክ ይሉት ነበር። ዘፋኙ ቪክቶር ሃራም በዚያው መስከረም ስታዲየም ውስጥ ታስሮ ተገደለ። ሰሜን አየርላንድ ውስጥ ደግሞ በ1971 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች 14 እስረኞችን ራሳቸውን ሸፍነው የማያቋርጥ የፉጨት ድምፅ ለቀቁባቸው። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት በ1978 እ.ኤ.አ. ኢሰብዓዊና አዋራጅ አያያዝ ነው አለ፤ ማሰቃየት ነው ግን አላለም። በአሜሪካኖቹ እስር ቤት በጓንታናሞም የታወቁ ዘፈኖች በእስረኛ ጆሮ ላይ ሰዓታት ሙሉ ይለቀቁ ነበር። ድምፅ ሰንበር አይተውም። ለዚህም ነው የሚመረጠው።

መልስ 23 ወጣት ይመስላል። ዘፈን ዘፈን ነው፤ 40 ዓመት ያለፈ ነገር ይዞ የልጅን ሠርግ ማበላሸት ራስ ወዳድነት ነው አለ። ሐኪም ዘንድ ወስዳችሁት ቶሎ ይዳን ብሎ መከረ። መልስ 24 እና 25 ወረዱበት። ቃላቱን አልደግማቸውም። እኔም ተናድጄ ረጅም መልስ ጽፌ ነበር፤ ሳልለጥፈው አጠፋሁት። ልጁ ያላየውን ነው የተናገረው። እኔም እስከ ጥር ድረስ አላየሁትም ነበር።

መልስ 26 ከእስራኤል ነው። እናቷ በሱዳን፣ በኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ ሁለት ልጅ ቀብረዋል። ቤተ እስራኤል መሆናቸው እንዳይታወቅ ስለሚፈሩ ሙሾ እንኳ አላወረዱም። ጨርቅ አፋቸው ውስጥ ከተው ነው ያለቀሱት። ዛሬ የሰው ለቅሶ ላይ ሲሄዱ ያዜማሉ፤ የራሳቸውን ልጆች ስም ያስገባሉ። መልስ 27 ከአንድ የባሕረ ሰላጤ አገር የተመለሰች ልጅ ናት። ወደ አገር ቤት ከመላኳ በፊት በተያዘችበት አዳራሽ ማታ ማታ አንዷ መዝሙር ትጀምራለች፣ ሌላዋ መንዙማ ትቀጥላለች። ሁሉም በእንባ ይቀበላሉ። እዚያ ውስጥ ማንም የማንን እምነት አልጠየቀም።

መልስ 28 ወደኛው ቀይ ሽብር መለሰን። ያኔ ልጃቸው የተገደለባቸው ቤተሰቦች ማልቀስ ተከልክለው ነበር። ሬሳ ለመውሰድ የጥይቱን ዋጋ የተጠየቁ አሉ። አልቃሽ የለም፣ ድንኳን የለም፣ ሙሾ የለም። ቴፕ ከፍቶ ጩኸት መሸፈንና ሙሾ መከልከል አንድ እጅ የሠራው ሥራ ነው አለች። ድምፅ አስገድዶ መስጠት ነው አንዱ፤ ድምፅ አስገድዶ መንጠቅ ነው ሌላው። ክሩ ውስጥ ከተጻፈው ሁሉ እኔ ይህን እይዛለሁ።

መልስ 29 የመጣው ከአንድ አዛውንት ነው። ስማቸውን አልጻፉም። መልስ 8 ላይ ስለ እሹሩሩ የጻፍኩትን አንብበው ነው የመጡት። እሳቸውም በ1970 ዓ.ም. ታስረዋል። ክፍሏ ስድስት ሰው ብትይዝ ነው፤ 31 ሆነው ነበር የሚያድሩት። በየተራ ነው የሚገለበጡት፤ አንዱ ሲዞር ሁሉም ይዞራል። አንድ ልጅ ነበር፣ ከሁሉም ትንሹ። ሌሊት መኪና ሲቆም ጥርሱ ይንገጫገጫል። ድምፁን ጠባቂ እንዳይሰማው ብለው አንዱ አንገቱን አቅፎ እሹሩሩ ያንጎራጉርለት ጀመር። አፍ ሳይከፈት፣ በአፍንጫ ብቻ። ከዚያ ሌላው ተቀበለ። ከዚያ ግድግዳ ሥር ያሉት። 30 ወንድ አፉን ዘግቶ ልጅ ሲያስተኛ አስቡት አሉ። ልጁ በአንዱ ሌሊት ተጠራ። አዛውንቱ ከዚህ በላይ አልጻፉም።

ለሁለት ቀን ማንም ምንም አልለጠፈም። መልስ 30 ላይ ወታደሩ ተመልሰው መጥተው ስለ ወንድማቸው ዕድሜ ጻፉ። መልስ 31 ነርሷ ናት፤ አባቴን አትጠይቀው፣ ግን አንብብለት አለችኝ። ቢፈልግ ያቋርጥሃል፤ የሚያቋርጠው እሱ መሆኑን እንዲያውቅ ብቻ ስልኩን እጁ ላይ አስቀምጥለት ብላ መከረችኝ። መልስ 32 በርቱ የሚል ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባቴ ጓሮ ተቀምጦ ነበር። መቀሱን ጭኑ ላይ አድርጓል። መልስ 29ን ከፍቼ ስልኩን ሰጠሁት። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ራሱ አነበበው። ረጅም ጊዜ ወሰደ። ከዚያ ልጁ ስንተኛ ክፍል ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

መልስ 33 ላይ ይህንን ጥያቄ ለጠፍኩ። በማግስቱ መልስ 34 መጣ። አዛውንቱ አንድ መስመር ብቻ ነው የጻፉት፤ ዘጠነኛ ክፍል እንደነበረ። ለአባቴ ሄጄ ነገርኩት። ቡናውን እየገረዘ ነበር፤ እጁን አላቆመም።

የኛው አሥረኛ ነበር አለ።